«ያ ነገር» ብለው ስለሰየሙት ጉዳይ፣ ለተከበሩት የአስተዳደር ኃላፊያችን

ነርሳችን አልተባረረችም! የሴቶች ውይይታችንም ተፈቀደልን! ይኸው ደብዳቤው በእጄ ነው፣ የማኅተሙ ቀለም ገና አልደረቀም። ሰላምታ ሳላስቀድም በመጮሄ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደስታ ሲይዘኝ ወግ ይጠፋኛል።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። ለተከበሩት የሆስፒታላችን አስተዳደር ኃላፊ፦ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ቀዩ እስክሪብቶዎ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኛ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለነው አርባ አንድ ሴቶች ከእንፋሎቱና ከበረኪናው በስተቀር ደህና ነን። እኔ ባልደረቦቼ «ራዲዮ» የሚሉኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የእርስዎን ሆስፒታል አንሶላ ያጠፍኩ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው እርስዎም ስለ እኛ የጻፉትን እዚያው ስለለጠፉት ነው። ከአለቃ መማር ነውር የለውም።

ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቃላት ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን። ባለፈው ዓመት በክፍላችን አይጥ በገባ ጊዜ፣ ሕመምተኛ እንዳይሸሽ ብለው «አይጥ» የሚለው ቃል በዚህ ግቢ እንዳይሰማ በጥብቅ አዘዙን። እኛም ታዛዦች ነንና ስሙን «ያ ነገር» አልነው። «ኧረ ያ ነገር መጣ!» የተባለ እንደሆነ አርባ አንድ ሴት ጠረጴዛ ላይ ናት። ዘንድሮ ደግሞ የሴቶች ጤና ነርሳችን፣ ክፍሏ ድረስ እየመጡ በሹክሹክታ የሚጠይቋት ሴቶች ስለበዙባት፣ ስለ ወሲብ ፊልም ምን እንደምናስብ የሚጠይቅ፣ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ አዘጋጀች። እርስዎም ለእናቶች ክብር ተጨንቀው «የወሲብ ፊልም» የሚለውን በየቦታው ሰረዙና በምትኩ፣ የአይጣችን ስም መሆኑን ሳያውቁ፣ «ያ ነገር» ብለው አስገቡልን።

ሁለተኛ፦ መልሶቻችንን በትጋት ስለመረመሩ እናመሰግናለን። «ያ ነገርን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ለሚለው አርባዎቹ ሴቶች «አዎ» ብለዋል። በየስንት ጊዜው ቢባሉ፣ «በየቀኑ፣ ዝናብ ሲሆን ይብሳል።» ብቻሽን ነው ወይስ ከሰው ጋር ቢባሉ፣ «ከባልደረቦቼ ጋር፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥተን።» ምን ይሰማሻል ቢባሉ፣ «መጀመሪያ እጮህ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።» ካውያ ላይ ከሚሠሩት አንዷማ «ከትልቅነቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ፍጥነቱ ነው» ብላ ጻፈች። ይህን ያነበቡ ዕለት ምሳዎ ሳይነካ እንደተመለሰ ሰምተን አዝነናል። በማግስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በሥራ ሰዓት ነውር መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ስልካችንም በጓንት ካርቶን ተሰበሰበ። እኛ ሞኞቹ ደግሞ አይጡን ፎቶ እንዳናነሳው መስሎን አስረከብን።

አራተኛ፦ (ሦስተኛውን እያወቅሁ ዘልዬዋለሁ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው፤ እመለስበታለሁ።) የጻፍነው ስለ አይጥ መሆኑ የተገለጠ ዕለት ሰብስበው ስለሰጡን ፍርድ እናመሰግናለን። የአርባውን ሴት መልስ አንድ በአንድ እያነበቡ እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርገው፣ በዚህ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ነገር የምታውቅ ሴት እንደሌለች፣ ነርሷም የጨዋ እናቶችን ስም ልታጎድፍ እንደመጣች አስታወቁ። አርባ አንደኛዋን ወረቀት ግን፣ እኛ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ ጨርቅ እንደምንይዘው፣ በሁለት ጣትዎ ጫፍ ብድግ አድርገው አሳዩን። ይህቺ ብቻ ስለ አይጥ አልጻፈችም፣ ይህቺ አንዲት ባለጌ ናት አሉ። ነርሷ የባለጌዋን ማንነት በሳምንት ውስጥ ካልተናገረች ከሥራዋ እንደምትሰናበትም ጨመሩ። ነርሷ ጽሕፈቱን አሳምራ ታውቀዋለች። አንገቷን ደፍታ «አላውቅም» አለች።

እንግዲህ ሦስተኛ። ማምለጫ የለኝም።

ያቺ ወረቀት የኔ ናት። ነርሷ ዘንድ መጀመሪያ በሹክሹክታ የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ፣ «ያ ነገር» የትኛው ነገር እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በባለቤቴ ስልክ ላይ ነው ያገኘሁት። ውሻ አልኩት፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ፣ ቁርሱን እንኳ ሳላየው ነበር የማቀርብለት። በሳምንቱ ስልኩን ረስቶ ሲወጣ ግን በሩን ቆልፌ ራሴ ከፍቼ አየሁት። አንድ ጊዜ ቢሆን ለማጣራት ነው ባልኩ፤ ሦስት ጊዜ ነው። ከፈለጉ ይሳቁብኝ፣ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አንሶላው ላይ ነበር፤ እንዴት ያለ ካውያ ያልነካው አንሶላ! ከዚያ የኔን ገላ ከነሱ ገላ ጋር ሳስተያይ ውዬ የቁም ሳጥኑን መስታወት በፎጣ ሸፈንኩት። ሰውነቴ አንድ ነገር ሲለኝ ሆዴ ሌላ ይለኛል። በሦስተኛው ጊዜ የአንዲቱን ሴት ፊት ልብ አልኩት፤ ፈረቃዋ እስኪያልቅ እንደምትጠብቅ ሠራተኛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ያኔ ዘጋሁትና አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ይህን ነው የጻፍኩት፣ ክቡርነትዎ በሁለት ጣትዎ የያዙት ይህን ነው።

ይህም ሆኖ ዛሬ ድረስ አንገቴን የሚያስደፋኝ ከፊልሙ ይልቅ ያ ስብሰባ ነው። በሠርግም በለቅሶም አፌ የማይዘጋው እኔ፣ አንዲት ልጄ የምትሆን ሴት በኔ ምክንያት እንጀራዋን ልታጣ ስትል፣ የሽርጤን ጫፍ እያጠፍኩ እየፈታሁ ተቀመጥኩ። ወጥተንም «ማን ትሆን ባለጌዋ?» ሲሉ፣ ይኸው በእግዜር ፊት አልዋሽም፣ እኔም «ማን ትሆን?» ብያለሁ። ነርሷ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ እንደ ወትሮዋ «እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰው ከሚሰማ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማሰሪያ የሌለውን ጫማውን ሲያስር ቆየና «አንቺም?» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ከስንት ጊዜ ኩርፊያ በኋላ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ነርሷን ሊያሰናብቱ በጠሩት ስብሰባ መካከል ብድግ ብዬ «ባለጌዋ እኔ ነኝ» ያልኩት እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ነው። ከዚያ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው፣ ቃል ሲወጣቸው ሰምተን የማናውቀው የእንፋሎት ማሽኗ እትዬ ተነሡና «እኔም አይቻለሁ፤ አስጠላኝ፤ ግን አይቻለሁ» አሉ። የካውያዋ ሴት ደግሞ ከባሏ ጋር እንደምታይና ምን ይጠበስ እንደሆነ ጠየቀችዎት። አንዷ አይታ እንደማታውቅ፣ ማየትም እንደማትሻ፣ ነገር ግን ባሏ እንደ ፊልሙ ሁኚ እያለ ሲያስጨንቃት ለማን እንደምትናገር ግራ እንደገባት እያለቀሰች ተናገረች። አርባ አንድ ሴት አርባ አንድ ዓይነት ነገር ታስባለች ለካ! እርስዎም ድንገት ሳል ያዝዎትና ወጡ። ስለ ሳሉ በተለይ እናመሰግናለን፤ እርስዎ ከወጡ በኋላ ነው በደንብ የተነጋገርነው፣ ለሆስፒታሉ ቦርድ ያስገባነውንም አቤቱታ አርባ አንዳችን የፈረምነው። ቦርዱም ነርሷ በሥራዋ እንድትቀጥል፣ ውይይቱም በየሁለት ሳምንቱ እንዲካሄድ ወሰነ።

ለክብራችን ሲሉ አፋችንን ለመሸፈን የደከሙትን ድካም ሁሉ ፈጣሪ ይቁጠርልዎ እያልኩ፣ እጅ የምነሣው፣ አፍራም ደስ ያላት፣ ደስ ብሏትም ገና የምታፍረው ታዛዥዎ፣

ራዲዮ፣ ከማጠፊያ ጠረጴዛ ቁጥር ሁለት

ማሳሰቢያ፦ በፈረሙበት ደብዳቤ ላይ ስብሰባችንን «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ የሚደረግ ውይይት» ብለውታል። ቃሉን ለመጻፍ እጅዎ እምቢ ካለዎት አልቀየምም፣ እኔም ደርሶብኛል። ከፈለጉም ይምጡና ከኋላ፣ ከአንሶላው ክምር ጀርባ ይቀመጡ፤ ማን እንደመጣ ብንጠየቅ «አላውቅም» ማለትን ከነርሳችን ተምረናል። የሌላችሁም ክፍል ሴቶች፣ ያያችሁም ያላያችሁም፣ የወደዳችሁትም የጠላችሁትም፣ መጀመሪያ ደስታችንን እናክብር፣ ወሬው ይደርሳል፤ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ማጠፊያ ክፍል፣ ማንም እንዳትቀሩ!