ከዚህ ጋር ተያይዞ የተላከው የአባዬ ዓይን

ዲላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሳሮን
ጅግጅጋ

ጉዳዩ፦ ጥፋትን ስለማመን

እኔ ትንቢት ወልደዮሐንስ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ትናንት ከአባታችን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥ «ሂርዊዝ»፣ ማለትም «ከዚህ ጋር»፣ የምትባለውን ቃል አጥፍቻለሁ። ሳትሠቃይ ነው የሄደችው።

ሳሪዬ፣ እንዴት ነሽ? አዲሱ የባንክ ሥራስ ለመደሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንድጽፍ ስለታዘዝኩ ደህና ነን። አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የአባዬ ግራ ዓይን ማየት ካቆመ ወራት ሆኖታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ስትደውዪ «ጋዜጣ እያነበብኩ ነው» የሚልሽ ጋዜጣ የአምናው ነው። «የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሪያት» ብሎ ቃል አስገብቶኛል።

ኅዳር ላይ የውጭ ዓይን ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ኦፕራሲዮን ያደርጋሉ። የምርመራ ውጤቱንና የዓይኑን ፎቶ በእንግሊዝኛ ኢሜይል እስከ ማክሰኞ ላኩ ተባልን። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ግን አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ «አባሪ በወጉ ካልተጠቀሰ ማንም ዞር ብሎ አያየውም» አለና ጋሽ ባልቻን አስጠራ። ደጋው ቡሌ ላይ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩትን፣ የቡሌውን ካፖርት ዲላም ወርደው የማያወልቁትን።

ጋሽ ባልቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፕሊዝ ፋይንድ አታችድ...»

«ፋይንድ ማለት ፈልጋችሁ አግኙ አይደል?» አለ አባዬ። «ዓይኔን እንዲፈልጉ ነው የምናዛቸው? ጠፋ እንዴ?»

«ጨዋነት ነው፣ ወልዴ። ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሂርዊዝ ይጨመርበት። ባዶውን አይሂድ።»

«ሂርዊዝ ከገባማ ኢንክሎዝድ ይሻላል።»

«ኢንክሎዝድ ፖስታ ውስጥ ላለ ነገር ነው» አልኩ እኔ። «አይ ሃቭ አታችድ ብንል ያልቃል እኮ።»

«አይ ሃቭ?» አሉ ጋሽ ባልቻ። «ልጄ፣ ለጓደኛሽ ነው የምትጽፊው?»

ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እሑድ ከቸርች መልስ ትሕትና ይጨመር ተብሎ «ካይንድሊ» ገባች። ሰኞ ማታ ዓረፍተ ነገሩ ከምርመራው ውጤት ይረዝም ነበር። ማክሰኞ ጋሽ ባልቻ ራሳቸው ሰለቻቸውና «በቃ ይላክ» አሉ። አባዬ ግን «ነገ ጠዋት በሰከነ አእምሮ እናየዋለን» አለ።

ማክሰኞ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል። ያኔ እጁን አየሁት፤ የሶፋውን ልብስ ጨምድዶ ይዞታል። ለካ ሰውዬው ቃል እያረመ አልነበረም። ያልተላከ ደብዳቤ ክፉ መልስ አይመጣበትም።

ስልኬን አወጣሁ። «አይ ሃቭ አታችድ» ብዬ፣ ውጤቱንና ሁለት ፎቶ አያይዤ ላክሁት። ከዚያ ለእሱ የራሱን ዓረፍተ ነገር፣ ከነካይንድሊው ከነሂርዊዙ፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩለት።

«አሁን ገና ደብዳቤ ሆነ» አለ።

«ልኬዋለሁ።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የሶፋውን ልብስ ማስተካከል ጀመረ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት መልስ መጣ። ያያዝናቸውን አይተዋል፤ ኅዳር 8 ይምጣ፤ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ የሆነ አንድ አስታማሚ ይዞ ይምጣ። አለቀ። ጋሽ ባልቻ «ሰላምታ እንኳ የለውም» ብለው ተቀየሙ። አባዬ ሁለቴ አስነበበኝ፤ ከዚያ የአስታማሚዋን መስመር ብቻዋን ደግሜ እንዳነብ ጠየቀኝ።

እኔ ገና አሥራ ስድስቴ ነው። እማዬ ብትኖር ይህ ሁሉ ጭንቅ ባልመጣ። ጋሽ ባልቻ «እኔ እወስደዋለሁ» አሉ፤ ግን ትናንት ከእኛ ሲወጡ በር ላይ የታሰረውን ፍየል እንደምን ዋልክ ብለውታል።

አባዬ ምሳውን እየጎረሰ ድንገት «የባንክ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜው ፈቃድ ያገኛል?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ለማወቅ ያህል።»

ሳሪዬ፣ እሱ አይጠራሽም። ሥራሽን ከማጣትሽ ዓይኑን ማጣት ይቀለዋል፤ ግን ከምሳ ጀምሮ ስለ ባንክ ፈቃድ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የሐኪሞቹን መልስና ውጤቱን አያይዤልሻለሁ፣ ለአለቃሽ አሳዪው። እምቢ ካለሽም ንገሪኝ፤ ሌላ እንፈልጋለን፣ አትጨነቂ። ጌታ የአለቃሽን ልብ ያራራልሽ፤ መንገድሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ አንቺን በደጃችን ያሳየን።

እህትሽ ትን

ቆይ። ተኝቷል ያልኩት ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

«ትንቢት።»

«አቤት አባዬ።»

«ለሳሮን ነው?»

«...አዎ።»

«ስንት ገጽ አያያዝሽላት?»