ከሁለቱ አንዱንም አልልክልህም

ውድ ታላቅ ወንድሜ ባህ ባንሻን፣

ነገሩ የተበላሸው ፖሊስ ባዛር፣ ኮንግ ሞሪን መጽሐፍ ቤት ቆሜ፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ መሐሉ ላይ ገልጬ «የፒንሻይ ባለቤት ኢባሪሻ» ተብሎ ስሜ ተጽፎ ያነበብኩ ጊዜ ነው።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ እጄ ግን ይህን አስቀደመ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? የሙስካት ሙቀት ጋብ አለ? የሆስፒታሉ ሥራስ ትንሽ እረፍት ይሰጥሃል? እኛ ደህና ነን። እናታችን ሜይ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግራታል፣ ዝናቡም አላቋርጥ ብሏል። እኔም ደህና ነኝ። አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ በላይ የሚሰማኝ የለም። ብዙ የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ እንዳለ ታየዋለህ፣ ያንተ ግን አይመስልህም።

ባለፈው ደብዳቤህ «ስለ እርጥብ ክብሪት ባንድ ሁለት መጽሐፍ ወጥቷል አሉ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የተሻለውን መርጠሽ ላኪልኝ» ብለኸኝ ነበር። ከተማው ከዚህ ባንድ በቀር ወሬ የለውም። ባለ ታክሲው እንኳ የገንዘቤን መልስ ከመስጠቱ በፊት የቱን እንዳነበብኩ ይጠይቀኛል። ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩልህ። ኮንግ ሞሪን የኩዋይ ፍሬዋን ከነቅጠሉ እያላመጠች ሁለቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። «ወፍራሙ የራሱ የዘፋኙ የፒንሻይ ነው፤ ፎቶ የለውም፣ ጉራ ግን እንደልብ ነው። ቀጭኑ የካልካታው ጋዜጠኛ ነው፤ ፎቶ አለው፣ ጆሮ ግን የለውም። አንዱን ለወንድምሽ ላኪለት፣ አንዱን በሩ እንዳይዘጋ አስደግፊበት» አለችኝ። የቱን ለየቱ እንደሆነ አልነገረችኝም።

በፒንሻይ መጽሐፍ ውስጥ እኔ የለሁም። «አውቶቡሱ ሳይነሳ» የሚለውን ዘፈን፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተጠልሎ ሳለ «ከነግጥሙ ወረደልኝ» ይላል። ያን ግጥም የጻፍኩት አንተ ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀርህ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ሩዙ እስኪበስል ነው። ሳነብልህ «ሻንጣዬን በጫማ ማሰሪያ ማሰሬን ለአገሩ ሁሉ ልትነግሪ ነው?» ብለህ ስቀህ፣ ከዚያ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። ፒንሻይ የጨመረባት «ኦሆሆ» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌሎቹም ግጥሞች እንዲሁ ናቸው።

በጋዜጠኛው መጽሐፍ ውስጥ ግን አለሁ። ከባንዱ ልጆች አንዱ ግጥሙን ኢባሪሻ እንደምትጽፍ ነግሮታል። ኢባሪሻ ሪንጃ፣ ፒንሻይ ሪንጃ። በእሱ አገር ሴት የባሏን ስም ትይዛለችና እዚያው ዳረኝ። «ባለቤቱ ግጥሙን ታቃናለት ነበር» ብሎ ጻፈ። አንድ የእናት ጎሳ፣ አንድ ስም፤ ወንድሜ የሚባለውን ሰው ባሌ አደረገው። የአንድ ጎሳ ልጆች በማይጋቡበት በእኛ ዘንድ በሰው ላይ ከዚህ የከፋ ምን ይጻፋል?

ጋዜጠኛውን አልጠላሁትም። እንግዳ ነው፣ አላወቀም። የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ግን «እያንዳንዱን መስመር ከመታተሙ በፊት አንብቦ ላረመልኝ ለፒንሻይ» ብሎ አመስግኗል። ፒንሻይ ቤት ሄድኩ። የልደት ቀኑንና የጊታሩን ቀለም ማረሙን አልካደኝም። ታዲያ የእኔን ለምን ተውከው ስለው «እህቴ፣ ‹ሚስቴ አይደለችም› ብለው፣ ‹ታዲያ ግጥምህን የምትነካው ማናት?› ሊለኝ አይደል?» አለኝና እንደ እንግዳ ወጉ ኩዋይ ዘረጋልኝ። ሳልቀበለው ወጣሁ። ከሰው እጅ ኩዋይ ሳልቀበል ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ገበያ ውስጥ ዓሣ ሻጮቹ «መንገድ ልቀቁ፣ የወንድሟ ሙሽራ መጣች» አሉ። አንዷ ደግሞ «ስትወልድ ልጆቿ ምን ይጎድልባቸዋል፤ አጎትና አባት በአንድ ወንበር» አለች። ቢሆንልኝ እኔም እስቅ ነበር። ዓሣዬን ገዝቼ መጣሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎታችን ዶንቦክ የጎሳውን ሽማግሌዎች ቤታችን ሰበሰበ። ፒንሻይ አልመጣም። «አንቺ ልጅ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ አጎታችን። «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። የፒንሻይ መጽሐፍ እውነት፣ የጋዜጠኛው ውሸት ነው በዪ። የአንቺም ስም ይነጻል፣ የጎሳው ኩራት የሆነው ልጅም አይዋረድም።» ሜይ ሩዙን ማውጣቷን ቀጠለች። እንደ ወጋችን ቤቱን የምትወርሰው ታናሻችን ሪዳ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆና «ይህ ቤት ነገ የእኔ ነው፤ በቤቴ እህቴን አታስዋሿትም» አለች። አጎታችን «እስከ ነገ ድረስ የእናትሽ ነው፤ ድስቱን አማስዪ» ሲላት ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ሚስቱ አይደለሁም፣ ግጥሙም የእኔ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካልሰማችሁ አንዱንም አልናገርም ብዬ ተነሳሁ። «ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?» አለ አጎታችን። «አዎ፣ ለዚህ ነው» አልኩት።

በሚመጣው ወር መጀመሪያ እንደገና ይሰበሰባሉ። የቤታችን ወንድ አንተ ነህ፤ ቃልህ በጎሳው ፊት ይነበባል። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሻንጣ የማን እንደነበር፣ ግጥሙን ማን እንዳነበበልህ ጻፍ። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ከላይ የጻፍኩት ግን ልክ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው መጽሐፍ ቤት አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ያንተ ደብዳቤ የመጣ ቀን ነው። «መቼም ፒንሻይ ያን የአውቶቡስ ዘፈን የጻፈ ሰው ነው፤ የራሱ መጽሐፍ ሳይሻል አይቀርም» ብለህ ነበር። አንተ፣ ባህ። ድንዛዜው የጀመረኝ ያኔ ነው።

ሜይ ትስምሃለች፤ ጉልበቷን እንዳልነግርህ ብላኝ ነበር። ሪዳ ቤቱን ስትረከብ ያንተን ክፍል ለማንም እንደማታከራይ ንገሪልኝ ብላለች። አጎታችንም ሰላም ብሎሃል፤ ማድረስ ስላለብኝ አድርሻለሁ። ለባለቤትህ ለዳፊራ ሰላምታዬን ስጥልኝ፣ የትንሿን ልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ።

ከእንግዲህ ከሁለት ውሸት አንዱን ምረጪ መባልን አልቀበልም። «የፒንሻይ ዘፈን» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤም አልቀበልም፤ ያንተም ቢሆን።

እህትህ ኢባሪሻ ሪንጃ

ሺሎንግ፣ ጁላይ 14 ቀን 2004