ሽጉጡ ይቆይ፣ ቁልፉ ይቀየር

ቤይሩት፣ አሽራፊዬ
ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለዘውዱ፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። የልጄን የሕይወትን ጉንጮች አገላብጠህ ሳምልኝ። የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ማዳሜ ለገናዋ ከአሁኑ ጀምራ መጋረጃ ታስወርደኛለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ደብዳቤህን እሑድ ዶራ ታክሲ ተራ ላይ፣ ከአገር ቤት የተመለሰችው አበበች ሰጠችኝ። ሊነጋጋ ሲል ሌባ የበሩን ቁልፍ ሰብሮ እንደነበር ሳነብ የሕይወትን ስም ጠራሁ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘግቶ ስለነበር ሳይገባ መሄዱን ሳነብ ደግሞ እዚያው ታክሲው መሐል እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ሽጉጥ ልትገዛ እንደሆነ ጻፍክ። ይሁን። «አይዳም ትንሿን፣ ነጭ እጀታ ያላትን ወደደቻት» አልክ። አይዳ? ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየችው አይዳ? የሳሎኑን ቀለም እንኳ ከዚህ ሆኜ የመረጥኩለት ቤት፣ ዛሬ ሽጉጥ መራጭ አገኘ! የጆሮ ጌጥ መሰላት እንዴ?

እኔም ዝም አላልኩም። የማዳሜ ባል፣ ሚስተር ሐሊም፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ሽጉጥን እነሱ «ፈርድ» ይሉታል።

«ሚስተር፣ ባሌ ፈርድ ሊገዛ ነው። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» አልኩት።

ጋዜጣውን አጠፈና «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እቤት ውስጥ ማን ማን አለ?» አለኝ።

«ባሌና የሰባት ዓመት ልጄ።» አይዳን አልቆጠርኳትም።

«በሩስ?»

«የእንጨት ነው።»

«ያላ፣ በሉ እንግዲያው ከበሩ ጀምሩ» አለኝ። የብረት በር አሠሩ፤ ደህና ቁልፍ ግጠሙ፤ ለመስኮቱ ብረት፣ ለደጁ ሲበራ የሚያድር መብራት፤ ከጎረቤት ጋር ደግሞ «ጩኸት ስትሰሙ ድረሱልን» ተባባሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ባልሽ አሁንም ከፈለገ መጀመሪያ ፈቃድ ያውጣ፣ ከሚያውቅ ሰው ተኩስ ይማር፣ ከዚያ እጁ ላይ በደንብ የሚቀመጠውንና አሠራሩ ቀላል የሆነውን ይምረጥ አለ። ትንሿ ስታያት ታምራለች፣ ስትተኮስ ግን እጅ ላይ ትዘላለች፤ ለጀማሪ አትሆንም። (ይህንን ለአይዳ አንብብላት።) ጣት ከቃታ ይራቅ፤ ባዶ ናት ተብሎ ወደ ሰው አይደገንም። ሽጉጡ በተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ፣ ልጅ ባለበት ቤት፣ አይታሰብም።

የራሱን ሣጥን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። አውጥቶ ሲያሳየኝ ማዳሜ ከበረንዳው ጮኸች፤

«አትስሚው! ሌባ ፈርቶ መሰለሽ? የደበቀው ከእኔ ነው! በቅናት ስበግን እንዳላገኘው!»

«ኸላስ! በቃሽ!» አላት፣ «አርባ ዓመት በሕይወት የኖርኩት ለምን ሆነና?»

ሦስታችንም ሳቅን። ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን ሳጥብ ግን ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። አንዲት ዓረፍተ ነገርህ ትዝ ብላኝ ነው። «እኔማ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ትከሻዬን ነቅንቃ የቀሰቀሰችኝ አይዳ ናት» ብለሃል።

ዘውዱ፣ የአይዳ ክፍል ከግቢው ማዶ ነው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘግቶ ከነበረ፣ ትከሻህ ዘንድ በየት በኩል ደረሰች?

ምናልባት ሕይወት አሟት ልታስታምም ገብታ ይሆናል። ምናልባት ጣሪያዋ አፍስሶባት ሳሎን አድራ ይሆናል። ያኒ፣ ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጻፍልኝ፤ አምንሃለሁ። አበበችን «አይዳን አየሻት? እንዴት ናት?» ብላት «ወፍራለች» አለችኝና ስለ አውሮፕላኑ ምግብ ማውራት ጀመረች። አበበች የሰው ወሬ ጀምራ ስታቋርጥ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሽጉጡ ይቆይ። ሚስተር «ማን ማን አለ?» ሲለኝ ራሴንም መቁጠር ነበረብኝ። ኮንትራቴ ከፋሲካ በፊት ያልቃል፤ ቤቴ እገባለሁ። በዚያች ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ ሽጉጥ እንዲኖር አልፈልግም። የራሴን እጅ አላምነውም፣ ዘውዱ።

በሩን የብረት አድርገው፤ እሱ ላይ ሚስተር እውነቱን ነው። ቁልፉን ቀይር። አንዱን መክፈቻ አንተ ያዝ፣ አንዱን ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ ሌላ አታስቀርጽ። ማታ ማታ መቀርቀሪያውን ዝጋ፣ ልጄ አለችበት። ቀን ቀን ግን፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ክፍት ተወው። የምመጣበትን ቀን አልጽፍልህም። ሳላንኳኳ መግባት እፈልጋለሁ።

እመቤቴ ማርያም አንተንና ሕይወትን ከክፉ ትሰውርልኝ፤ ያ ቤትም የእኔ ሆኖ ይቆየኝ።

ሚስትህ
ሀረገወይን