የሚሞቀው ግድግዳ

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ። ቀራንዮ።

አከራዬ እትዬ አስካለ ዛሬ ጠዋት ጠርተው መረቁኝ። የኤሌክትሪክ መኪናዬን ግቢያቸው ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ይሞቃል። ወገባቸውን ስለሚያማቸው አልጋቸውን አስጠግተውታል። ከአከራይ የተመረቅኩት ገና ዛሬ ነው፤ እሱም በስህተት።

ግድግዳውን ነካሁት። ጭቃና ጭድ ነው፤ ውስጡ የተቀበረው የመብራት ሽቦ በዕድሜ ይበልጠኛል።

«እትዬ፣ ሽቦው እየጋለ ነው። ቤቱ ሊቃጠል ይችላል።»

«ሟርተኛ! ስንት ክረምት በብርድ ስንቀጠቀጥ የት ነበርክ?»

ሶኬቱን ነቅዬ፣ መኪናውን ትቼ ኤሌክትሪሺያን ፍለጋ በታክሲ ዘነበወርቅ ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ከሰኞ በፊት አልመጣም አለኝ።

ስመለስ መኪናው ቻርጅ እያደረገ ነው። እትዬ አስካለ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጋደም ብለዋል። ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

«ረስተኸው ሄደህ ሰካሁልህ» አሉኝ።

ሮጬ ነቀልኩት። ገመዱን ጠቅልዬ ክፍሌ ውስጥ ልቆልፍበት ስል ከኋላዬ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ቆልፍበት ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «የኤሌክትሪክ ምድጃዬንም እዚያው ሶኬት ላይ ስሰካ ግድግዳው እንደሚሞቅ ትናንት ሞክሬ አይቻለሁ።»