ለእንግዳው የሠራሁት ሳጥን

ሰኔ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሚዛን ተፈሪ። ጠዋት፣ ሥራ ሳልገባ

ድንጋዩን ከምድጃው አወጣሁ፣ በጆንያ ጠቀለልኩ፣ ከሥሩ ሸጎጥኩለት። ዛሬም ብርድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አደረ። እሱ ተጠምጥሞ ጭንቅላቱን መሐል ቀብሯል።

ደብተሬ፣ ካንተ እንኳ ደብቄው ኖሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ዘንዶ አለ። ከካቻምና የቡና ለቀማ ጊዜ ጀምሮ፣ ጎተራዬ ውስጥ። የተገኘው ከሥራ ቦታ፣ ከቡና ማጠቢያው የጣውላ ክምር ሥር ነው። ያኔ ከክንዴ አይረዝምም ነበር። ሠራተኞቹ በገጀራ ሊሉት ሲሉ፣ ተዉት ወንዝ እጥለዋለሁ ብዬ በጆንያ ያዝኩት። አልጣልኩትም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ዘንዶም ድምፅ የለው። ቢሆንም ለሁለት ዝም ማለት ብቻን ዝም ከማለት ይሻላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥፋት አልለውም። ጥፋቱ ይኸውልህ። እንግዳው (እንዲህ ነው የምለው) ከመጣ ወዲህ አይጥ ከቤቴ ጠፋ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ስንዱ በቆሎዬን አይታ ተደነቀች። የሷን አይጥ ፈጅቶታል። ምን አድርገው ነው ጋሼ? አለችኝ። ከቤ/ክ መመለሴ ነው፣ የጸበል ጠርሙስ በእጄ ይዣለሁ። ጸበል ነው አልኩ። አንዲት ቃል። ይኸው ዛሬ የመንደሩ ሴት ሁሉ ጎተራዋን የምትረጨው እኔ በማመጣው ጸበል ነው። አይጡ አልቀረላቸውም። ወ/ሮ ስ. ታዲያ ምን ትላለች? እምነት የጎደለኝ እኔው ነኝ ትላለች። ይህን ስትል ፊቷን አላይም።

በኤደን የዋሸው እባቡ ነው። እኔ ቤት ግን እሱ ትንፍሽ አላለም።


ሰኔ 30። ከሥራ መልስ

ጎተራው ጠቦታል። አሁን ከቁመቴ ይበልጣል፣ ውፍረቱ የክንዴን ያህል። ከትናንት ወዲያ ማታ ሳጥን ጀመርኩለት። ለጠረጴዛ ያቆየሁት የዋንዛ ጣውላ ነበር፣ እሱን አወጣሁ። ለፊቱ ሽቦ ወንፊት፤ የቡና ማድረቂያ አልጋ ስንጠግን የሚቆረጠውን ቁርጥራጭ አለቃው ውሰድ ብሎኝ።

አናጢ ነኝ ባይ! ሃያ ዓመት መዶሻ ይዤ፣ የሠራሁት ነገር ያሳፍራል። ሦስቱን ጎን በሽቦ አደረግኩት። ቀን ሙሉ አፍንጫውን ሽቦው ላይ ሲፈትግ ውሎ ደምቷል። ሲገባኝ ተናደድኩ። ሽቦውን ያደረግኩት ለሱ አይደለም፣ ለኔ ዓይን ነው። ተቀምጬ እንዳየው። ፍጥረት መደበቂያ ይፈልጋል፤ ሰውም ቢሆን ከአራት ወገን እየታየ እንጀራ አይወርድለትም።

ሁለቱን ጎን በጣውላ ደፈንኩ። የተሰበረ እንስራ ግማሹን ደፋሁለት፣ ወዲያው ገባ። ባንድ ወገን ትኩሱ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ቀዝቃዛው፤ ወዳሻው እንዲሄድ። ውኃ በሰፊ ገበቴ፣ ገላውን የሚነክርበት። ክዳኑ ብቻ ቀረ። ማጠፊያ ገበያ ላይ የለም። ሚስማርም የለም። ሁሉም ነገር ለአብዮቱ ሄዷል ይላሉ፤ አብዮቱ በማጠፊያ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። ክዳኑን ገጥሜ ድንጋይ ጫንኩበት።


ሐምሌ 4። ቀትር

ድንጋዩ ወድቋል። ክዳኑ ተንሸራቷል። ሳጥኑ ባዶ!

ከአልጋ ሥር የለም። ጎተራ የለም። ጓሮ ወጣሁ፣ እንሰቱ ሥር ሁሉ ፈለግኩ። እ/ር ይመስገን ተመልሶ አገኘሁት፤ ማዕዘን ላይ ባዶ ጆንያ ክምር ውስጥ ተኝቷል። ሆዱ መሐል ላይ እብጠት። የአይጥ አይደለም። የአይጥ እንዲህ አያክልም።

ከአጥሩ ማዶ ወ/ሮ ስ. ትጮሃለች። ያለቻትን አንዲት ዶሮ፣ ለነገ ለጾም መፍቻ ያሰበቻትን ቀይ ዶሮ፣ ሌባ በላብኝ ትላለች። ጾሙን ሙሉ ጥሬ እየሰጠሁ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ! እጁ ይቆረጥ! ትላለች።

እጅ የለውም፣ ወ/ሮ ስንዱ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ አልሳቅኩም።


ሐምሌ 5። ማታ፣ ከስብሰባ መልስ

ማርቆስን አሰሩት።

ማርቆስ ለመንደራችን እንጨት የሚፈልጥ፣ ውኃ የሚቀዳ የቤንች ሰው ነው። ሚስትና ልጆች አሉት። ትናንት ጠዋት በወ/ሮ ስ. አጥር በኩል ጆንያ ይዞ ሲያልፍ ታየ ተባለ። ጆንያው ውስጥ የኔ ፍላጭ ነበር! እኔ ነኝ ያሸከምኩት። ማንም አልጠየቀኝም። ጴንጤ ነው፣ ቤተ ጸሎታቸውም ተዘግቷል፤ እንዲህ ያለ ሰው ለመጠርጠር ምስክር አያሻውም።

ቀበሌ ጠሩን። ያልመጣ ስኳር አይሰጠውም፤ ሁሉም መጣ። ሊ/መንበሩ ቆሞ፣ ዛሬ ዶሮ የሰረቀ ነገ የሕዝብ ቡና ይሰርቃል አለ። ከዶሮ ተነስቶ ኢምፔሪያሊዝም ዘንድ ደረሰ። ማርቆስ አልሰረቅኩም ሲል፣ አንዱ ከኋላ፣ ዶሮዋ ታዲያ ራሷ ጸልያ አረገች? አለና ሳቁ። አምላኩ ያስፈታዋላ! አለች ሌላዋ። በገዛ አገሩ፣ አያቶቹ ባቀኑት መሬት፣ ትናንት የመጣን ሰዎች ፈረድንበት። ደሜ ፈላ። ምን ዓይነት ሕዝብ ነን? ሰው ያለ ማስረጃ! ስል ስል፣ ይታሰር የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ።

አወጣሁ።

ጻፈው፣ ደብተሬ። ሁሉም ሲያወጣ አወጣሁ። ወዲያው ደግሞ ሰዎቹን መሳደቤን ቀጠልኩ፣ በሆዴ።


ሐምሌ 7። ሥላሴ

ከቤ/ክ መጥቼ መቀርቀሪያ ሠራሁ። ከወይራ። ማጠፊያውን ከአሮጌ ጫማ ሶል ቆርጬ አበጀሁ። ክዳኑን ገፋሁት፣ ታገልኩት፣ ንቅንቅ አይልም። ከእንግዲህ አይወጣም። ለጥቂት ጊዜ ዕዳዬን የከፈልኩ መሰለኝ። ጥሩ መቀርቀሪያ የታሰረ ሰው ይፈታ ይመስል!

የቀበሌው እስር ቤት ከጓሮዬ ሩቅ አይደለም። ማርቆስ ቀን ቀን በቋንቋው ይዘምራል። ጠባቂው ዝም በል ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ይጣራል፤ የሰፈሩን ሰው በየስሙ። ጋሽ ታደለ! ይላል። የኔን ስም። እኔ መላጊያዬን አነሳለሁ። የመላጊያ ድምፅ ብዙ ነገር ይሸፍናል።


ሐምሌ 8። ምሽት

የማርቆስ ሚስት መጣች። ዝናብ አበስብሷታል። አልቀመጥም አለች። ያመጣሽውን ምግብ ራስሽ ብዪ ብለው መልሰዋታል። ዋስ ካገኘ ይለቁታል ተብሏል። የሚታመን ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይሁን አሏት። አንቺ ጋ የሚመጣ ማን አለ ብለው ሳቁባት። አንተን አሰብኩ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ አለችኝ።

ላስብበት አልኳት።

ከሄደች በኋላ የተናደድኩት በማን ይመስልሃል? በሷ! በዚህ ሁሉ መንደር ሌላ ሰው አጥታ ነው? ለምን እኔ ዘንድ? እንዲህ እያልኩ ቤቱን ዞርኩት። እንግዳው ከእንስራው ሥር አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ምን ታያለህ አልኩት።

ዋስ ብሆን ማርቆስ ይወጣል፤ ግን ሌባ ተብሎ ነው የሚወጣው። ሌባ ብዬ ልዋሰው? ዶሮ ጠፋ በተባለ ቁጥር እሱኑ ሊወስዱት? አይሆንም። እውነቱን ብናገርስ? እንግዳውን ይገድሉታል። ጸበሉም ይነሳል። መንደሩ ሁሉ...

መንደሩ ሁሉ ምን? መንደሩ ሁሉ ታደለ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው።


ሐምሌ 10። ጠዋት

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የጸበሉን ነገር ነገርኩ። አዘኑ፣ ስግደት ሰጡኝ፣ ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቅ አሉ። ሌላስ ልጄ? አሉ። ዝናቡን ተመለከትኩ። ሌላ የለም አባቴ አልኩ።

ንስሐ ገብቼ፣ በዚያው አፌ ዋሽቼ ወጣሁ። ስለ ዘንዶውም ስለ ማርቆስም ትንፍሽ አላልኩ። ሰው ለእ/ር ግማሹን ይሰጣል? ግማሽ ንስሐ ከየት ያመጣሁት ነገር ነው?

ስመለስ ብልሃት አሰብኩ። የራሴን ዶሮ ይዤ ወ/ሮ ስ. ዘንድ። ስለ እ/ር ብለሽ ይችን ውሰጂና ክሱን ተይው አልኳት። ዶሮዋን ክንፏን ገልጣ አየች፣ መዘነቻት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጻድቅ ነዎት! ለሌባ ዶሮ ይከፍላሉ?»

«ሌባ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እጅ አውጥተው ፈርደው የለ? እርስዎስ አልነበሩ?»

ዶሮዋን ተቀበለች። ክሱን አልተወችም፤ ይማርበት አለች። ስወጣ ጸበሉ አልቆብኛል አለችኝ።


ሐምሌ 11። ከሰዓት

ማርቆስ ዛሬ አልዘመረም። ስሜንም አልጠራም። ጠባቂውን በአጥሩ ጠየቅኩት፤ ትኩሳት ይዞታል፣ መሬቱ ውኃ ነው አለ። ታዲያ ለምን አትነግሩም? ሲጮህ ረበሸ ትላላችሁ፣ ዝም ሲል ተመቸው! ብዬ ጮህኩበት። ምን አገባህ ጋሼ፣ ዘመድህ ነው? አለኝ።

እንጨት ላይ ተቀመጥኩ። ለእንግዳው ትኩስ ድንጋይ በቀን ሦስቴ እቀይራለሁ። ደረቅ ጆንያ አነጥፋለሁ። ብርድ እንዳይነካው ስንጥቁን በሰም ደፍኛለሁ። ሰውየው ውኃ ላይ ይተኛል፤ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሊ/መንበሩ አይደለም፣ ወ/ሮ ስንዱ አይደለችም። ሳምንት ሙሉ በሰው ላይ ስቆጣ ሰነበትኩ፤ ቁጣዬ መጋረጃ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ማታውን ጫካ ወስጄ ልልቀቀውና ነገ ባዶ እጄን ሄጄ ልናገር። እንግዳውም ይድናል፣ ማርቆስም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ማን ያምነኛል? ሽማግሌው ለጴንጤው ተረት ፈጠረለት ይላሉ። ሳያዩ አያምኑም። ካዩ ደግሞ...

ጸለይኩ። መልስ አልጠበቅኩም። መልሱን አውቀዋለሁና።


ሐምሌ 12። ሚካኤል። ማታ

ማርቆስ ወጥቷል። ቤቱ ነው፤ ሚስቱ ገንፎ አብልታዋለች። እንግዳው የለም። አብዮት ጥበቃዎቹ እዚያው ቀበሌው ግቢ ውስጥ በቆመጥ ጨረሱት። ቀድሜ የጻፍኩልህ ሁለቱንም አንድ ላይ እንድታውቅ ብዬ ነው።

ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሳጥኑን በጋሪ ጫንኩ። ድንጋዩን አሙቄ ከሥሩ አደረግኩለት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። መንገድ ላይ ምንድን ነው የጫኑት ጋሼ? ሲሉኝ ጋሪውን ገፋሁ። ወ/ሮ ስንዱን ከደጃፏ ጠራኋት፣ ነይ ስለ ዶሮሽ ነው አልኳት፤ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችኝ።

ሊ/መንበሩ በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል። የሴትዮዋን ዶሮ የበላው እኔ ቤት ያለ ዘንዶ ነው፣ ሰውየውን ልቀቁት አልኩ። አይጥ ያጠፋልኝም እሱ ነው፣ ጸበል አልነበረም፣ ዋሽቻለሁ አልኩ፤ ይህን የተናገርኩት ወደ ወ/ሮ ስንዱ ዞሬ ነው። አፏን በእጇ ከደነች። ከዚያ፣ «ልጆቼን አስረጭቻቸዋለሁ እኮ፣ ለትኩሳት!» አለች። ይህን አላውቅም ነበር።

ሊ/መንበሩ ሳቀ። ያው ማርቆስ ለእርስዎም ሰብኮዎታል? አለኝ። ዘንዶ ይዞ የሚኖር ክርስቲያን ሰምተን አናውቅም፣ ሳጥኑ ባዶ ነው፣ ይሂዱ አረጋዊ፣ ሰው ሳይናደድብዎ አለኝ። ጥበቃዎቹ ቆመጣቸውን ይዘው ቀረቡ። ማርቆስን ከውስጥ አውጥተውት ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። «ጋሽ ታደለ፣ ስጠራህ ትሰማኝ ነበር?» አለኝ። እሰማህ ነበር አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፣ ይቅር ብያለሁም አላለኝም። ልክ ነው።

ሊ/መንበሩ፣ እውነት ከሆነ ይክፈቱት አለኝ።

ቆመጦቹን አየሁ። በሽቦው ጭንቅላቱን አየሁ፤ የኔን እጅ ያውቃል፣ ስቀርብ አልተጠመጠመም። ማርቆስን አየሁ። መቀርቀሪያውን ስቤ ክዳኑን ከፈትኩት።