ስለ አባቴ ቮልስ መነሣት

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ዳር ገጽታ ማሳመሪያ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከስብሰባ መልስ ትንሽ አረፍ ባሉበት ሰዓት እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ጤናዎ እንደተሟላ፣ ቤተሰብዎ እንደተደሰተ፣ ከሁሉም በላይ የዓይንዎ ብርሃን እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። የዓይንን ነገር ነጥዬ ያነሣሁት በቤታችን የዓይን ሕመምተኛ ስላለ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም ፈልጌለት እንዳልሆነ በትሕትና አስታውቃለሁ።

እኔ ማርያማዊት ሀብተ ሥላሴ እባላለሁ፤ በዚሁ በቢቸና የሒሳብ መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎትም ግብረ ኃይሉ ከደጃችን ላነሣልን መኪና ምስጋና ለማቅረብ ነው። ምስጋናውን በቃል ባደርሰው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ቀን በቀር ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ክቡርነትዎ ለከተማው ሲደክሙ ስለማገኝዎት፣ ማለትም ስለማላገኝዎት፣ በአደባባይ መጻፉን መረጥኩ።

፩ኛ. ከሁሉ በፊት አባቴን ከድካም ስላሳረፉልን እናመሰግናለን።

አባቴ አቶ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። የራሴ የሚሏት አንዲት ነጭ ቮልስ ብቻ ነበረቻቸው። እሷም ካምቢዮዋ ከተሰበረ ወዲህ በጓሯችን ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር፤ እኔ ተማሪ ሆኜ፣ ተመርቄ፣ መምህርት ሆኜ ስመለስ እሷ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባቴ ዓይን መድከም ሲጀምር ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ በመልካም አነጋገር ነገረን። አባቴ በመልሱ መንገድ ሞጣን ስናልፍ፣ «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ያችን መኪና ላስነሣት። አንቺ ትነጃታለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አሉ። ከዚያ ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም።

ሥራውን የሠራነው እኔ ዓይንና እጅ፣ እሳቸው አእምሮ ሆነን ነው። የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ቱታ ለብሼ ከመኪናዋ ሥር እገባለሁ፤ አባቴ ከላይ ሆነው፣ «አሁን እጅሽን ምን ነካው?» ይሉኛል። ክብ ነው፣ ጥርስ አለው፣ ዝጓል ብዬ ስነግራቸው ስሙንና የሚፈታበትን ይነግሩኛል። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ ጎብጠው የነበሩት ሰውዬ ቀና ማለት ጀመሩ። ምግብ ይጠይቁ ጀመር። ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልነሣ ጓሮ ወጥተው ፍሪሲዮኑን ሲዳስሱ አገኛቸው ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ አድካሚ እንደነበረ ግብረ ኃይሉ ቀድሞ የተረዳልን ይመስለኛል።

፪ኛ. ዳግመኛም መለዋወጫ ከመፈለግ ስለገላገሉን ምስጋናችን ይድረስዎ።

ለአንዲት ካምቢዮ ስል አዲስ አበባ ሄጄ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ጠይቄያለሁ። አንዱ ባለሱቅ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየት አደረገና፣ «እኅቴ፣ ይሄ ዕቃ እኔ ሳልወለድ ያለቀ ነው» አለኝ። ሌላው ሻይ ጋብዞኝ መኪናዋን እንድሸጥለት ለመነኝ። ባዶ እጄን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ ሞጣ ውስጥ ዶሮ የሚያድርበት እንዲህ ያለ መኪና እንዳለ ነገረችኝ።

የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚባሉ እናት ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ሣህለ ማርያም መኪናውን ግቢ አቁመው፣ ቆልፈው፣ ሆስፒታል እንደሄዱ አልተመለሱም። መጀመሪያ ስሄድ ወይዘሮዋ፣ «እሱ የቆለፈውን እኔ አልከፍትም» ብለው መለሱኝ። መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት እንደገና ልሂድ ስል አባቴ «እኔም ልምጣ» አሉ። አባቴ የሰውዬውን መኪና ከፊት ኮፈኑ ጀምረው በመዳፋቸው እየዳሰሱ እስከ ኋላ ዞሩ። ከዚያም ወይዘሮዋ ወደቆሙበት ፊታቸውን መለስ አድርገው፣ «ባለቤትዎ በጣም ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። አንድ ቦታ እንኳ አላጋጯትም» አሏቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ትንሽ ቆይተው፣ «ቁልፉ ከራስጌዬ ነው፤ ላምጣው» አሉ።

ካምቢዮውን፣ ካርቡሬተሩንና የግራውን በር ሰጡን። ዋጋ ስንጠይቃቸው ተቆጡ። «ዋጋ አልፈልግም። ስትነሣላችሁ ግን ወደዚህ ነድታችሁ አምጧትና ድምፅዋን አሰሙኝ» አሉን። አባቴ፣ «ከተሳካልን ለዳግማ ትንሣኤ እንመጣለን» ብለው ቃል ገቡላቸው። ዕቃውን በአይሱዙ ጭነን በጉንደ ወይን በኩል ስንመለስ አባቴ ካምቢዮውን ከሌላው ጭነት ጋር እንዲሆን አልፈቀዱም፤ ያን ሁሉ ኮረኮንች በሁለት እግራቸው መሐል አጥብቀው ይዘውት መጡ።

፫ኛ. የአማርኛችንን ጥልቀት ስላስተማሩኝም ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

በሆሳዕና ዋዜማ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩት። ቮልሷ ደጋግማ አስነጠሰች፣ ጠፋች፣ እንደገና አስነጠሰችና ያዘች። አባቴ ከኋላዋ ቆመው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ነበር። ንዝረቱ ክንዳቸውን ሲነቀንቀው እንባቸው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር፤ እኔም ሞተሩን ለማጥፋት ልቤ እምቢ አለኝ። ፍሬኗ ገና ስላልተጠናቀቀ ሩቅ አልሄድንም። የጓሯችን መውጫ ጠባብ ስለሆነ አጥሩን አፍርሰን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ገፍቶልን፣ ደጃችን ላይ አቆምናት።

በሰሙነ ሕማማት፣ አባቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ውለው፣ እኔም ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጎረቤታችን አቶ ፋንታ ደወሉልኝ። «ማርያማዊት፣ ቮልሷ ተነሣች» አሉኝ። አባቴ ትዕግሥት አጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ብቻቸውን ሞተሩን ያስነሡት መስሎኝ በተማሪዎቼ ፊት ሳቅሁ። «አባባ ናቸው ያስነሧት?» ስላቸው አቶ ፋንታ፣ «የለም ልጄ፣ በክሬን ነው የተነሣች» አሉኝ። እኔ ሒሳብ እንጂ ቋንቋ አላስተምርምና፣ አንድ ቃል መኪናን ሕያው ማድረግንም ከደጅ ማጥፋትንም ችሎ እንደሚይዝ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አቶ ፋንታ ለአባላትዎ፣ «ይሄ ባለቤት አለው፤ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመጡ ትንሽ ጠብቁ» ብለው ለምነዋቸው እንደነበር ነግረውኛል። ከአባላቱ አንዱም፣ «ባለቤት ያለው ነገር እንዲህ አያረጅም» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ ፋንታም ሆኑ አባቴ፣ ዕድሜያቸው ከቮልሷ ስለሚበልጥ፣ ደጅ ላይ ብዙ ባይቆሙ ይሻላል ብለን መክረናል።

፬ኛ. ስለ ሰጡን የቴክኒክ ማብራሪያ።

በማግስቱ አባቴን ክንዳቸውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ክቡርነትዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው፤ ይህን አክብሮት አልረሳውም። ቀጥለውም የኮሚቴውን ውሳኔ አነበቡልን፤ የተነሣው ዕቃ ሞተር የሌለው ቁርጥራጭ ብረት እንደሆነ የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ መረጋገጡን አስረዱን። እኔም የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደሆነ፣ ከፊት ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ እንደሆነ ተናገርኩ። ክቡርነትዎ ወረቀቱን ደግመው አዩትና፣ «ኮሚቴው ያየው ከፊት ነው» አሉን።

አባቴ ድምፅዎ ወደመጣበት ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔ ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ። ግን በኋላዋም ዞሬ ዳስሻታለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ስልክ ተደወለልዎና ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። እኛም ሠራተኞቹ ቢሮውን እስኪዘጉ ድረስ ጠበቅንዎት። አባቴ በየመሐሉ፣ «መጡ?» ይሉኝ ነበር፤ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ማለታቸውን ግን ማስተው አልቻልኩም።

ምስጋናዬን መቁጠር እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የቀረው ለቁጥር አይመችም።

ብረቱ ደጀን ላለ ገዢ እንደተላለፈ ከጸሐፊዎ ሰምቼ ከስቅለት በፊት ልድረስ ብዬ ወደዚያው ሄድኩ። ጠያይቄ ብረት የሚከማችበትን ግቢ አገኘሁት። ቮልሷ ከአሮጌ አልጋና ከተጨማደደ ቆርቆሮ ጋር ተቀላቅላለች። በእሳት ቆራርጠዋታል። ከሞጣ ያመጣነው የግራ በር አረንጓዴ ስለነበረ ከሁሉ በፊት እሱን ለየሁት፤ ሌላው ነጭ ላሜራ የትኛው የእኛ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስለ ሞተሩ ስጠይቅ የግቢው ጥበቃ፣ «እሱ ደኅና ብረት ስለሆነ ቀድሞ ተጫነ። ይሄኔ የዓባይን ድልድይ ተሻግሯል» አለኝ። በሩን እንኳ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «እኅቴ፣ ሁሉም ተመዝኖ ነው የገባ። ቢጎድል እኔን ነው የሚጠይቁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩትም። በሩን ትቼ ተመለስኩ።

ለአባቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «እኔ ሳልነዳት ዓባይን ስትሻገር ይሄ የመጀመሪያዋ ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የትንሣኤ ለት ከእኛ ጋር ፈሰኩ፤ ጓሮ ግን አልወጡም። የመፍቻ ሣጥናቸውን አቅርቤላቸው ነበር፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አሁን ዓይናቸው ቀንና ሌሊት መለየቱንም ትቷል። ይህ የሆነው ሐኪሙ ያለው ጊዜ ደርሶ ነው እንጂ በግብረ ኃይሉ ጥፋት ነው አልልም። የግብረ ኃይሉ ድርሻ፣ በቀረቻቸው ብርሃን የሚያዩት ነገር እንዳይኖር ማድረግ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ስልክ ስለሌላቸው የሆነውን አልሰሙም። ቃል ገብተናልና ቢያንስ እኔ ልሂድ ብዬ ለዳግማ ትንሣኤ ሞጣ ሄድኩ። ቤታቸው ስደርስ የአጥሩ በር ሁለቱም ክንፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጁ ተጠርጎ፣ መግቢያው ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሥቶ፣ እሳቸው የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሳሙኝና በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ መንገዱ አዩ። «የት አቆማችኋት? ድምፅ አልሰማሁም እኮ» አሉኝ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ አልረገሙም። ስጨርስ፣ «አባትሽ ግን ሰምተዋታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ቀን ሰምተዋታል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ ተነሥተው በሩን መዝጋት ጀመሩ። አንደኛው ክንፍ ለብዙ ዘመን ሳይከፈት የኖረ ነውና መሬት ይዞ እምቢ አላቸው፤ አብረን ገፍተን ዘጋነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መኪናዋ እንድትመለስ አልጠይቅም፤ የሚመለስ ነገር የለም። ጥፋተኛው እንዲቀጣም አልጠይቅም፤ ኮሚቴ መሆኑን ነግረውናል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደፊት የሰው ንብረት ለማንሣት ስትወጡ፣ ጊዜያችሁን እንደማልሻማ ተስፋ በማድረግ፣ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞር ብሎ እንዲያይ ቢታዘዝልን።

የወንበርዎን ዘመን ያርዝምልዎ፤ የሚያነሡትም ነገር አያሳጣዎ።

ከደጇ የሚነሣ ምንም ያልቀራት፣
አክባሪዎ
ማርያማዊት ሀብተ ሥላሴ
ቢቸና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከግብረ ኃይሉ የተላከ ማስጠንቀቂያ በእጃችን ደረሰ። ደጃችን ላይ የቆመውን ተሽከርካሪ በራሳችን ፈቃድ እንድናነሣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶናል። ቀድሞ መነሣቱን ለመልእክተኛው ብነግረው ስለ ፈጣን ትብብራችን አመስግኖ፣ አስፈርሞኝ ሄደ። አባቴ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ «ተሽከርካሪ» ከሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና፣ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «እንግዲያው መኪና መሆኗን ያውቁ ነበር» አሉ።