ሃያ ሰባት ከመቶ ላይ የቆመው ኮምፒውተሬ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ እየደበቅሽኝ ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? ቤቱም ጎረቤቱም ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ዛሬ አልደብቅሽም።

ያለፈው እሑድ ሳልደውል በመቅረቴ ተቀይመሽኝ ይሆናል። አትቀየሚኝ፣ ኮምፒውተሬ ታሞብኝ ነው። አሮጌዋ ስልኬ እንደሆነች ካገር ውጪ አትደውልም። ዓርብ ከሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ አፕዴት እያደረግሁ ነውና አታጥፉኝ የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ሃያ ሰባት ከመቶ ላይ ቆሟል። እሺ አልኩ። አታጥፊ ከተባለ አይጠፋም፤ አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ አይደለሁ? ቅዳሜም ሃያ ሰባት፣ እሑድም ሃያ ሰባት። ሰኞ ላውንደሪ ቤት ቆሜ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ስውል ልቤ እሱ ጋ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያልሽ ቸኩዬ ያልሽኝ ልጅሽ ይኸው አራት ቀን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

በእነዚያ ቀናት ክፍሌ ምን ያህል ጭር ያለ እንደሆነ ገባኝ። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሴትዮ ስታስል ብቻ ይሰማኛል። ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ ሳሏን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ከ«ደህና ዋሉ» እና ከ«ደህና እደሩ» በቀር ከአፌ የወጣ ቃል አልነበረም።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወደ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። ጠና ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ገባ የሚል ሰው ነው። አራት ቀን መጠበቄን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እህቴ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ንቅንቅ ካላለ ተጣብቋል ማለት ነው፣ እስክታረጂ ልትጠብቂው ኖሯል ወይ አለኝ። ከዚያ ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ ያዘው፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የተሰካውን ሁሉ ነቃቅሎ፣ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ አስነሳውና በግማሽ የወረደውን አፕዴት ደመሰሰው። እንደገና ሊያስጀምረው ሲል ግን ቦታ የለኝም አለ። ውስጡ ጢም ብሏል። ምን ሞላው ብሎ ቢከፍተው አንቺ ነሽ እማዬ።

እሑድ እሑድ ስንነጋገር እቀዳችሁ ነበር። ሳላስፈቅድ ነው፣ ይቅር በሉኝ። እራት ስበላ አንዱን እከፍትና ከእናንተ ጋር እበላለሁ። አንቺ ስታወሪ እኔ «እህም፣ ከዚያስ?» እላለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ጠጋኙ ፊልም ሠሪ ነሽ እንዴ ብሎ ሊቀልድ ጀምሮ፣ እናቴ ናት ስለው ቀልዱን ተወው። የራሱን ፍላሽ አውጥቶ ሰጠኝ። ይህ ግማሹን ይይዝልሻል፣ የቀረው ካልጠፋ ግን አፕዴቱ አያልቅም አለኝ። ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ምረጪ ብሎኝ ወጣ።

እንዴት ተደርጎ ይመረጣል? የትኛዋን እናቴን ልጣል? የእያንዳንዱን መጨረሻ መጨረሻ እያየሁ ልለይ ብዬ ጀመርኩ። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። ሁሉም የሚያልቁት አንድ ቦታ ነው። አንቺ መቼ ነው የምትመጪው ትያለሽ፣ እኔ የራሴ ምስል በሚታይባት፣ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ እጄን እዘረጋለሁ፣ በቃ፣ ያልቃል። በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩ ተቋረጠ እልሽ አልነበር? መስመሩ ምንም አልሆነም እማዬ። የምዘጋው እኔ ነኝ።

ጠጋኙ ሲመለስ ግማሹን አጥፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ያስቀረሁት አንቺ የሳቅሽባቸውን ነው። አፕዴቱ በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ዓይኔን እያየ ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ ጢሱ ነው አልኩት፣ ጢስ በሌለበት ቤት።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። መቼ እንደምመጣ አላውቅም። የመኖሪያ ወረቀቴ እስካሁን አልወጣም፤ ያለ እሱ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም። ጓደኞች አሉኝ ያልኩሽም ውሸት ነው፣ አንድም የለኝም። ፊትሽን እያየሁ ይህን መናገር ስላቃተኝ ነው መጻፌ። አልቅሺ፣ ግን ብዙ አታልቅሺብኝ።

አባባን ጉልበቱን ስማሃለች በይልኝ። ስንነጋገር ከዳር እየተቀመጠ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበልልኝ። ታላቅ ወንድሜን በጣም ናፍቃሃለች በይው፤ ስልኩን ሲይዝ ጣቱን ካሜራው ላይ ማሳረፉን ይተው። ታናሽ እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቀሚሴን እንደለበሰች አይቻለሁ፣ መርቄላታለሁ። ለባለሱቋ ጎረቤታችንም ሰላምታዬ ይድረሳት።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ እሑድ እንደ ወትሮው ጥያቄሽን ጠይቂኝ። መልስ ባይኖረኝም እጄን አልዘረጋም፤ አንቺ እስክትዘጊ ድረስ እቀመጣለሁ።

ልጅሽ ቸኩዬ
ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን